ሐምሌ ላይ ዋጋ አትቀንሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለውን የእናትሽን ቤት ግንቦት ላይ ለሽያጭ አወጣሽ። ሐምሌ ገባ፣ ደዋይ የለም፣ ደላላውም ጠፋ። «ዋጋ ልቀንስ?» ነው ያልሽው። እኔ በዚሁ ሰፈር የአባቴን ቤት ስሸጥ አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ነበርኩ። ምክሬ አትቀንሺ ነው። ቢያንስ ጥቅምትን ጠብቂ።

እኔ ጋ ከመጡት ገዢዎች አብዛኞቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ነጋዴ ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል፣ ሐምሌ ላይ የግብር ጣጣ ይጠብቀዋል። ቀጥሎ የልጆች ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር አለ። ብሩ ያለው ሰው እንኳ «እስቲ መስከረም ይጥባ» ይላል።

ሙቀቱንም አትርሺው። ሰኔ ላይ አንድ ጥሩ ገዢ ደላላው ከቀኑ 8 ሰዓት ይዞት መጣ። ሰውየው የብረት በሩን ሊገፋ እጁን አሳርፎ ወዲያው አነሳ። ሳሎኑ ውስጥ ቆርቆሮው ጭንቅላት ላይ እሳት ያወርዳል። ጓዳውን ሳያይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማንንም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ አላስገባሁም። ጠዋት ኒም ዛፏ ሥር ነፋስ አለ፣ ግቢው ታጥቦ ይቀዘቅዛል። ያው ቤት ሌላ ቤት ይመስላል።

ክረምት ላይ ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው «ውሃ ይገባል?» ብሎ ነው። እውነቱን ነው፤ የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ከተማ ነው። ቤትሽ ውሃ የማይገባው ከሆነ ግን ዝናብ በዘነበ ማግስት አሳዪ። ደረቅ ግድግዳ ከደላላ አፍ ይበልጣል።

እኔ ግን ያኔ ይሄን የሚነግረኝ አጥቼ ሐምሌ ላይ 300 ሺህ ብር ቀነስኩ። አንድም ሰው አልደወለም። ገዢው የመጣው ታህሳስ ላይ ነው፣ ለ19ኙ ለቁልቢ ገብርኤል ከውጭ የመጣ ሰው። ቤቱን ወደደው። ወደ መጀመሪያው ዋጋ ልመልስ ብል «ሐምሌ ላይ በስንት እንደነበር ሰምቻለሁ» አለኝ። ለካ ደላላው ነግሮታል። ዋጋ አንዴ ከወረደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬም ይቆጨኛል።

አንድ መለያ ልስጥሽ። ሰው እየመጣ፣ እያየ፣ ዋጋ ሰምቶ የሚቀር ከሆነ ችግሩ ዋጋው ነው። ጭራሽ ደዋይ ከሌለ ግን ወቅቱ ነው። ታህሳስ ደርሶም ዝም ካለ ያኔ ቀንሺ፣ አልቃወምሽም። ሮመዳንንም አስልተሽ ያዢ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በጾሙ ወር ብዙ ሰው ጉዳዩን «ከኢድ በኋላ» ይላል፣ እሱም ዋጋ አያስቀንስም።

አሁን ጊዜ ስላለሽ ወረቀቱን ጨርሺ። ካርታው በእናትሽ ስም ከሆነና በሕይወት ካሉ ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ ይበል። አርፈው ከሆነ (ነፍስ ይማር) የወራሽነቱን ጉዳይ ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ፍርድ ቤት ክረምት ላይ ለእረፍት በከፊል ስለሚዘጋ ወረፋው ይረዝማል። የቤት ግብሩን፣ የመብራትና የውሃውን ደረሰኝ በአንድ ፌስታል አድርጊ። የእኔ ገዢ ቀብድ ሊከፍል በመጣበት ቀን መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነበር።