ለለጋ የፍራፍሬ ችግኝ ዩሪያ መቼና እንዴት ይሰጣል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከወንዶ ገነት)፦ መምህር፣ ባለፈው ክረምት ለተከልኳቸው የተዳቀሉ አቮካዶዎች ዩሪያ የምሰጠው መቼ ነው? አዲስ ስተክልስ ጉድጓዱ ውስጥ ብጨምረው?

መልስ፦ ጉድጓድ ውስጥ በፍጹም አይጨምሩ። ዩሪያ ወደ አሞኒያ ሲለወጥ ገና ያልጸናውን ሥር ያቃጥላል፤ አቮካዶ ደግሞ የማዳበሪያ ጨው አይችልም፣ ጉዳቱም በቅጠሉ ጫፍ መድረቅ ይታወቃል። ችግኙ አዲስ ቀንበጥ ማውጣት ሲጀምር፣ አፈሩ እርጥበት ይዞ ሳለ፣ በአንድ ጊዜ 25 ግራም ያህል ይበቃል፤ ይህንንም ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አራት ጊዜ ከፋፍለው ቢሰጡ ከ100 ግራም ዩሪያ 46 ግራም ናይትሮጅን ያገኛል፣ ለመጀመሪያው ዓመትም በቂው ነው።

አሰጣጡ ከመጠኑ አያንስም። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው ዙሪያውን ጥልቀት የሌለው ቦይ ያውጡ፤ የአቮካዶ መጋቢ ሥር ከላይ ስለሆነ በጥልቀት መቆፈር ሥሩን ይቆርጣል። ጉዝጓዙን (አፈሩን የሸፈነውን ገለባ) ገልጠው ዩሪያውን በትነው አፈር ያልብሱ፣ በዚያው ቀንም ያጠጡ። በጤዛ በራሰ ገለባ ላይ የወደቀው ነጭ የዩሪያ ፍሬ ጠዋት ሟሙቶ ሲጠፋ ገበሬው ሥሩ የጠጣው ይመስለዋል፤ ነገር ግን አፈር ካልለበሰ ናይትሮጅኑ በከፊል ወደ አየር ሊተን ይችላል።

ጥያቄ (ከጨንቻ)፦ ሁለት ዓመት ለሆነው አፕል ዩሪያ በጥቅምት ብሰጥስ?

መልስ፦ አይስጡ። ዘግይቶ የተሰጠ ናይትሮጅን ዛፉን ለምለም ቀንበጥ ያስወጣዋል፤ ያ ቀንበጥ ሳይጠነክር የደጋው ውርጭ ይደርስበታል፣ የዛፉ ዕረፍትም ይዘገያል። እምቡጡ ሲፈነዳ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ የማንጎዬ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ቅጠል? የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ወጥ ሆኖ ከገረጣ የናይትሮጅን እጥረት ነው ብለን እንጠረጥራለን። ለጋው ቅጠል ገርጥቶ በላዩ ያሉት የቅጠል ሥሮች (መስመሮቹ) አረንጓዴ ከቀሩ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። ውኃ የተኛበት ከሆነ መጀመሪያ ውኃውን ያፋስሱ። ይህን ሳይገልጹ መልስ አይጠብቁ።

አንድ አባል፦ እኔ ዩሪያን ከአመድ ጋር ቀላቅዬ እሰጣለሁ፤ አመድ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።

ሌላ አባል፦ ዩሪያ ራሱ መሬት ያደክማል፤ ፍግ ብቻ ይበቃል።

የመጀመሪያው አባል፦ ፍግ ከየት መጥቶ ለሁሉም ይዳረሳል? ከብት የሌለውስ?

መልስ፦ ክርክሩን ወደ ጉዳዩ እንመልሰው። የተብላላ ፍግም ዩሪያም ጥቅም አላቸው፤ ያልበሰለ ፍግ ግን እንደ ዩሪያው ሥር ያቃጥላል። አመድን ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉ፤ አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ በፍጥነት ይተናል። ለኖራም እንዲሁ፣ በመካከላቸው ጥቂት ሳምንታት ይለፉ።

ጥያቄ፦ በተከላ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ዩሪያ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አይቻልም።

ጥያቄ፦ የማዳበሪያ ዋጋ ለምን ጨመረ?

መልስ፦ ይህን የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ (ከደብረ ዘይት)፦ አፈሬ መረሬ (ከባድ ጥቁር ሸክላ) ነው። በሐምሌ ዝናብ የበተንኩት ይጠፋል?

መልስ፦ ውኃ በተኛበት መረሬ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይባክናል፤ ቀላል አፈር ላይ ደግሞ ታጥቦ ከሥሩ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ በሚጠበቅበት ዕለት አይስጡ፤ የሐምሌውን ድርሻ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ውኃው ከሥሩ ከሸሸ በኋላ አፈር አልብሰው ይስጡ። መጠኑን ግን እጥፍ አያድርጉት።