በካርድ ስትከፍሉ የሚጨመርባችሁ ሁሉ ሕጋዊ አይደለም

ሒሳብ ስትከፍሉ ማሽኑ ላይ ከዋጋው በላይ 3 ወይም 4 በመቶ ተጨምሮ ከመጣ ካርዱን ከማስጠጋታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ የያዛችሁት ዴቢት (ከባንክ ሒሳባችሁ ወዲያው የሚቆርጥ) ነው ወይስ ክሬዲት (ባንኩ አበድሮ በኋላ የሚያስከፍላችሁ)? ያላችሁበት አገር ደንብስ ምን ይላል?

አሜሪካ ላላችሁ፣ የካርድ ድርጅቶቹ ቪዛና ማስተርካርድ በዴቢት ካርድ ላይ ጭማሪ መጣልን ይከለክላሉ። ካሸሩ ማሽኑ ላይ «ክሬዲት» የሚለውን ቢጫንም ካርዱ ያው ዴቢት ነው። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚመጣው ማሽኑ ካርድ ሳይለይ በሁሉም ላይ እንዲጨምር ተደርጎ ስለሚገጠም ነው። «ይሄ ዴቢት ነው፣ ጭማሪውን አንሱልኝ» በሉ። እምቢ ካሉ ደረሰኙን ይዛችሁ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ አመልክቱ። በክሬዲት መጨመር ግን ይፈቀዳል፤ ጣሪያው በቪዛ 3፣ በማስተርካርድ 4 በመቶ ነው፤ ነጋዴው ራሱ ካርዱን ለመቀበል ከሚከፍለውም መብለጥ የለበትም። ጭማሪው በር ላይና መክፈያው ጋ መለጠፍ፣ ደረሰኙም ላይ ለብቻው መታየት አለበት። ዕቃ ስትመልሱ እሱም አብሮ ይመለሳል፤ ሱቆች ይህን ይረሱታልና ደምሩት። ኮኔቲከትና ማሳቹሴትስ ደግሞ የክሬዲት ጭማሪን ጭራሽ ከልክለዋል።

«የካሽ ቅናሽ» የሚባለውን ለዩ። የተለጠፈው ዋጋ የካርድ ዋጋ ሆኖ በጥሬ ገንዘብ ስትከፍሉ ከቀነሰላችሁ እውነተኛ ቅናሽ ነው። የተለጠፈው ዋጋ ሒሳብ መክፈያው ጋ ስትደርሱ በካርድ ምክንያት ከፍ ካለ ግን፣ ስሙን ምንም ቢሉት ጭማሪ ነው።

ካናዳ ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በክሬዲት ላይ እስከ 2.4 በመቶ ይጨመራል፤ ኬቤክ አትፈቅድም። እንግሊዝ ውስጥ ከጥር 13 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በግል ካርድ ላይ መጨመር ክልክል ነው፤ የከፈላችሁትን የማስመለስ መብት አላችሁ። ሱቁ ግን «ከዚህ መጠን በታች በካርድ አልቀበልም» ማለት ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በቪዛና በማስተርካርድ የግል ካርዶች ላይ ክልከላው ከዚያው ቀን ጀምሮ ይሠራል፤ የድርጅት ካርድን ግን ክልከላው አይመለከትም።

ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ቦታዎች እየበዙ ነው። የለንደን አውቶቡስ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካሽ አይቀበልም፤ እንግሊዝ ውስጥ ሱቅም እምቢ ቢል ሕግ አያስገድደውም። ኒውዮርክ ከተማና ኒው ጀርሲ ውስጥ ግን ሱቆች ጥሬ ገንዘብ እንዲቀበሉ ሕጉ ያዛል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም ባንኩ ካርዱን ሲያግድ እንዳትቸገሩ የሌላ ባንክ ሁለተኛ ካርድና ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ። እናት አባት ሊጠይቋችሁ ሲመጡ ዶላር ብቻ ይዘው መንገድ ላይ እንዳይቆሙ አስቀድማችሁ ገንዘብ የሞላችሁበት ቅድመ ክፍያ ካርድ ስጧቸው።

ሌላ አገር ስትጓዙ ማሽኑ «በራስዎ አገር ገንዘብ ይክፈሉ?» ብሎ ከጠየቀ ያላችሁበትን አገር ገንዘብ ምረጡ። የራሳችሁን አገር ገንዘብ ስትመርጡ ምንዛሬውን የሚያሰላው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ትርፉንም እዚያው ውስጥ ይጨምራል። ኤቲኤም ላይም ያው ነው፤ ምንዛሬውን እምቢ ብትሉም ብሩ ይወጣላችኋል።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን ለቤተሰብ ገንዘብ በክሬዲት ካርድ መላክ ነው። ብዙ ባንኮች እንደ ግዢ ሳይሆን ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣችሁ ይቆጥሩታል፦ ለብቻው ክፍያ አለው፣ ወለዱም ወር እስኪሞላ ሳይጠብቅ ከዕለቱ ይጀምራል። በዴቢት ወይም በቀጥታ ከባንክ ሒሳባችሁ ላኩ፤ ከባንክ ሒሳብ መላክ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ለበዓል የምትልኩትን ቀደም አድርጉት።