ጥያቄና መልስ፦ ከሰዓት በኋላ የሚፈላው ኤክስካቫተር

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ የድንጋይ ካባ የምሠራ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነኝ። ማሽኑ ጠዋት በደህና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ጠንከር ያለ ቁፋሮ ስጀምር ግን የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ይጠጋል፣ በራዲያተሩ ክዳን ዙሪያም እንፋሎት ይወጣል። የራዲያተሩን ፊት በየሳምንቱ እናጥባለን። የምንሞላው የቧንቧ ውሃ ነው። መካኒካችን ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ እየተከፈተና እየተዘጋ የውሃውን ዝውውር የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) አውጥቶ ጥሎታል፤ አሁን ደግሞ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛው መክደኛ) ይፈታ እያለ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቴስታታው ለጊዜው አይፈታ። ከጻፉልን ምልክቶች ሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት በክዳኑ ዙሪያ የሚወጣው እንፋሎት ነው። የራዲያተር ክዳን ዋና ሥራው ግፊት ይዞ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ማድረግ ነው። እርስዎ ያሉበት አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊት የሌለበት ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ የከባድ ናፍጣ ሞተር ውሃ ደግሞ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ሞላው ደክሞ ግፊቱን የሚለቅ ከሆነ፣ ሌላ ምንም እንከን የሌለበት ሞተር በተለመደው የሥራ ሙቀቱ ሊፈላ ይችላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ግን ያንኑ ውሃ በዚያው ከፍታ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ክዳኑን ዛሬውኑ ይቀይሩ፤ የሚገዙትም በማሽኑ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ግፊት የሚይዘውን ይሁን፣ ከዚያ የበለጠ የሚይዝ ክዳን ማኒኮቶ (የውሃውን የጎማ ቧንቧ) ያስፈነዳልና።

ቴርሞስታቱ ወደ ቦታው ይመለስ። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ልማዱ በየጋራዡ ስለተስፋፋ ነው። በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድም አብሮ ይዘጋል፤ ከተነሳ ግን ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ይዞራል፣ ያም በከባድ ሥራ ላይ ሙቀቱን ያብሰዋል። በእናንተ አካባቢ ቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ሲሊንደሩ ያለ ጊዜው ይበላል።

ሥራ ሲከብድ ብቻ መሞቁ ሁለተኛውን ጥርጣሬ ወደ አየር ፍሰቱ ይወስደናል። በብዙ ኤክስካቫተሮች የሃይድሮሊክ ዘይቱ ማቀዝቀዣና ራዲያተሩ ተደራርበው ስለሚቀመጡ፣ ፊቱ ታጥቦ ንጹሕ ቢመስልም የካባው አቧራ በመካከላቸው ተጋግሮ ሊቀር ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በአንድ በኩል ባትሪ አብርተው በሌላው በኩል ይመልከቱ፤ ብርሃኑ የማያልፍበት ቦታ አየርም አያልፍበትም። ማቀዝቀዣዎቹን ለያይታችሁ ኮምፕሬሰሩን ከቬንትሌተሩ (ከማራገቢያው) በኩል ወደ ውጭ ንፉ፣ ምክንያቱም አየሩ በሚገባበት በኩል ሲነፋ አቧራው ይበልጥ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የቬንትሌተሩ ቺንጊያ (የሚያዞረው ቀበቶ) አለመላላቱንም በዚያው ይዩ።

የቧንቧ ውሃውን በተመለከተ፣ ውስጡ ያለው ማዕድን በሲሊንደሩ ዙሪያ ቅርፊት ሆኖ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ ዝገት መከላከያ ስለሌለውም የሲሊንደሩን ውጫዊ ግድግዳ እየቦረቦረ ይሄዳል። የማቀዝቀዣ ሥርዓቱን አጥባችሁ አምራቹ የሚያዘውን ዓይነት ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማዕድን ከሌለው የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሙሉ።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ መርፌው ወደ ቀዩ ከተጠጋ ቁፋሮውን አቁመው ባልዲውን መሬት ያሳርፉ፣ ሞተሩንም በዝቅተኛ ዙር ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያቆዩት። ሙቀቱ አሁንም ከጨመረ ወይም ውሃ እየፈሰሰ ከሆነ ወዲያው ያጥፉት። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል፤ ክዳኑን በትኩሱ መክፈት ደግሞ ፊትዎን ያቃጥላል፤ እባክዎ ራዲያተሩ በእጅ የሚዳሰስ እስኪሆን ይታገሡ።

ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና ማቀዝቀዣዎቹ ተስተካክለው ሙቀቱ ካልወረደ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥተው በራዲያተሩ አፍ ይመልከቱ። አረፋው ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይተኮስ አልቀረም፤ መካኒክዎ ቴስታታውን መፍታት ያለበት ያን ጊዜ ነው።