«ወይም ተዛማጅ»፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

መስከረም ሲጠባ በየአጥሩ የምዝገባ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የእኔም ጠረጴዛ በዲግሪ ጥያቄ ይሞላል። የዘንድሮዎቹን ሰብስቤ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ።

በጂኦግራፊ የተመረቁ አንባቢ፦ በአካውንቲንግ ሌላ ዲግሪ ብጨምር «ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ» ማለት እችላለሁ?

አይችሉም። ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው የሚኖርዎት። በእኛ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ሲባል ማስተርስ ነው።

የ31 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ፦ ሰባት ዓመት ሳይት ላይ ሠራሁ፣ በቃኝ። ባንክ ቤት መግባት እፈልጋለሁ። አካውንቲንግ በማታ ልጀምር ወይስ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ልማር?

ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው። ሁለት ገጽ ተኩሉ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ አማካሪው ግትርነትና ስለዘገየ ክፍያ ነው።

ወንድሜ፣ ከየት እንደምትወጣ በደንብ ነግረኸኛል። ወዴት እንደምትገባ ግን «ባንክ ቤት» ከማለት በቀር ምንም አልጻፍህም። ባንክ ቤት ምን ሆነህ? ገንዘብ ያዥ? የብድር ባለሙያ? ጥበቃውም እኮ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው።

ከራሴ ልንገርህ። የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝ። ላቦራቶሪ እየሠራሁ ማኔጅመንት በማታ ተማርሁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በፌስታል የያዝሁትን ዳቦ የታክሲ ሰልፍ ላይ እየገመጥሁ። ተመርቄ አዲሱን ዲግሪ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል መስኮት ላይ ቆምሁ። ልጅቷ ወረቀቶቼን አገላብጣ ሁለት ቦታ ከፈለቻቸው፦ ኬሚስትሪውን ከነሥራ ልምዱ ወደ ግራ፣ ማኔጅመንቱን ብቻውን ወደ ቀኝ። ከዚያ የቀኙን በእስክሪብቶዋ ነካ አድርጋ፣ «በዚህኛው ዜሮ ዓመት ነው ያለዎት» አለችኝ። ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ አራት ዓመት በሙያው የሠራ» ይላል። እኔ ያነበብሁት የትምህርት ደረጃውን ብቻ ነበር። በኋላ የተቀጠርሁት በላቦራቶሪ ዕቃ ግዥ ሲሆን፣ የተጠየቅሁትም «በኬሚስትሪ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ነው። ማኔጅመንቱን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት የምትፈልገውን ሥራ የሚመለከቱ አሥር ማስታወቂያዎች ሰብስብና እስክሪብቶ ይዘህ ተቀመጥ። የትኛውን መስክ ይጠይቃሉ? «ወይም ተዛማጅ» የምትለዋ ሐረግ አለች? ልምዱ የሚቆጠረው ከየትኛው ምረቃ ጀምሮ ነው? እንዲህ ስታደርግ የምታገኘውን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፦ ባንኮች ሲቪል መሐንዲስ ይቀጥራሉ። ተበዳሪው ሕንፃውን ለብድር ሲያስይዝ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚለካውና ዋጋውን የሚገምተው መሐንዲስ ነው። ይህ በር አሁን ባለህ ዲግሪና በሰባቱ ዓመትህ የሚንኳኳ ነው፤ የሲሚንቶ ዋጋ ማወቅህም እዚያ ይጠቅማል። ከገባህ በኋላ ኤምቢኤ ብትማር አልቃወምም፤ በአብዛኛው የማንኛውንም መስክ ምሩቅ ይቀበላል፣ ልምድህንም አያጠፋብህም። የሚስብህ ራሱ የሂሳብ ሥራው ከሆነ ደግሞ አራት ዓመት ሌላ ዲግሪ ከመጀመርህ በፊት ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ መንገድ መርምር። ክፍያው በፓውንድ የሚተመን ስለሆነ በብር አስልተህ ግባ።

የማስተርስ ተማሪ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ሰው ቢያዘጋጅልኝ ምን ችግር አለው?

ምሰሶ ላይ ያገኙትን ስልክ ቁጥር ልከውልኛል። አልደወልሁም፤ እርስዎም አይደውሉ።

በሶሾሎጂ የተመረቀች አንባቢ፦ ጠበቃ ለመሆን አጭር መንገድ አለ?

የለም፣ እኅቴ። እዚህ ላይ ለመሐንዲሱ ያልሁትን እገለብጣለሁ። ፈቃድ በሚጠይቅ ሙያ የሚታየው ዲግሪው ራሱ ነው፤ «ተዛማጅ» የሚባል ነገር አይሠራም። የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሕግ ትምህርት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ግድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሁሉም መስክ የመውጫ ፈተና እንዳለ አትርሺ፤ 50 በመቶ ያላመጣ፣ ማታም ይማር ቀን፣ አይመረቅም። ፍላጎትሽ ችሎት ፊት መቆም ሳይሆን በሰብዓዊ መብት ዙሪያ መሥራት ከሆነ ግን የሕግ ምሩቅ ያልሆነ ሰው የሚቀበሉ ማስተርሶች አሉ። ዝርዝሩን ሬጅስትራር ጠይቂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ አዲስ አበባ በአካውንቲንግ ተመርቄ መጣሁ። እዚህ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ነርስ ልሁን? የመንግሥት እርዳታስ ይሰጠኛል?

ከኋለኛው ልጀምር፤ ሰው የሚደናገጠው እሱ ላይ ነውና። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ እርዳታ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አይሰጥም፤ ከአገር ቤት የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። «አልተማርሁም ብለሽ ሙዪ» የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስሚው፤ መዘዙ ያንቺ ነው። የትምህርት ብድር ግን ሌላ ነው፤ ዲግሪ ስላለሽ ብቻ አይከለክሉሽም።

መንገዱ ሁለት ነው። ዲግሪ ላላቸው የተዘጋጀው የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ ሆኖም ጎን ለጎን ሥራ መሥራት ይከብዳል፣ ክፍያውም ይጎዳል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የአሶሼት ዲግሪ (በተለምዶ የሁለት ዓመት) ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያስቀምጥሽም ያንኑ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ነው። በሁለቱም እንደ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ያሉ ኮርሶች አስቀድመው ይጠየቃሉ። መጀመሪያ ትራንስክሪፕትሽን ኮርስ በኮርስ አስገምቺ። አንዱን ቅድመ ኮርስ ብቻ ውሰጂና እዪው። እንዲህ ያለ ልብ የሚያወልቅ ሽምደዳ ከፓርኪንግ ሥራ ጋር መሄድ አለመሄዱን ከእኔ ይልቅ ያ ኮርስ ይነግርሻል።

መምህር፣ ከደሴ፦ እሑድ ማታ ሲሆን ደረቴ ይጨነቃል። ሌሊት አልተኛም። ከምግብም ተለያይቻለሁ። ሙያዬን በሌላ ዲግሪ ብቀይር ይሻለኛል?

ጋሼ፣ የእርስዎን ጥያቄ በዲግሪ አልመልስም። ያለ እንቅልፍና ያለ ምግብ የሚታሰብ የሙያ ለውጥ ዘንድሮ አይወሰንም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። «አማኑኤል ታየ» እንዳይባሉ ሰግተው ከሆነ፣ የሥነ አእምሮ ሕክምና በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች አለ፤ ካርድ የሚያወጡትም እንደማንኛውም በሽተኛ ነው። ምልክቶቹን እንደጻፉልኝ አድርገው ለሐኪሙ ያንብቡለት፤ ጽሑፍዎ ግልጽ ነው። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሰው ይዘው ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ከታከሙ በኋላ ስለ ዲግሪው ይጻፉልኝ፣ ቅድሚያ እሰጥዎታለሁ።

የ47 ዓመት እናት፦ ከልጄ እኩዮች ጋር ክፍል ብቀመጥ ይስቁብኝ ይሆን?

የመጀመሪያው ሳምንት ይስቃሉ። ከሚድ ፈተናው በፊት ደብተርዎን ሊለምኑ ይመጣሉ። መነጽርዎን ብቻ አይርሱ፤ የማታ ክፍል አምፖል አንዱ በርቶ አንዱ የተቃጠለ ነው።