እልፍ ስንት ነው? «ሠራዊት»ስ አንድ ነው ወይስ ብዙ? — ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው በእስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ነው። ለልጄ የዳዊትን ታሪክ በአማርኛ ሳነብለት፣ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ለሳኦል ሺህ ለዳዊት እልፍ እያሉ ከዘፈኑበት ቦታ ስደርስ «አባዬ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው እኮ! ኤሌፍ ማለት ሺህ ነው» ብሎ አቋረጠኝ። «እልፍ ማለት ብዙ ማለት ነው» ብዬ ንባቤን ቀጠልኩ፤ መልሱ ግን ለራሴም አላረካኝም። እልፍ በትክክል ስንት ነው?

መልስ፦ ልጅዎ የሁለቱን ቃላት ዝምድና በጆሮው ብቻ ማግኘቱ የሚያስደስት ነው። የዕብራይስጡ ኤሌፍ፣ የዐረብኛው አልፍና የግዕዙ እልፍ በእርግጥ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ በዕብራይስጥና በዐረብኛ ቃሉ 1,000 ሲሆን በግዕዝ ዐሥር እጥፍ ከፍ ብሎ 10,000 ሆኗል፤ አማርኛም የወረሰው ይህንኑ ነው። ግዕዝ ሺህን የሚጠራው «ዐሠርቱ ምእት»፣ ማለትም ዐሥር መቶ ብሎ ነው። የቁጥሮቹን ምልክቶች ብትመለከቱም ይህንኑ ታያላችሁ፤ ለመቶ ፻፣ ለእልፍ ፼ ሲኖር ለሺህ ግን ራሱን የቻለ ምልክት ስለሌለ ፲፻ ተብሎ ይጻፋል። ፼ን ቀረብ ብሎ ላየው ሁለት ፻ዎች ጎን ለጎን የተያያዙበት ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ ደግሞ ዐሥር ሺህ ነው።

ወደ ዘፈኑ ስንመለስ፣ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ለሳኦል የተሰጠው የኤሌፍ ብዙ ቁጥር ሲሆን ለዳዊት የተሰጠው ሬቫቫ የሚባለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው፤ ሬቫቫ 10,000 ነው። የአማርኛው ተርጓሚ «ሺህ» ያለው ለኤሌፍ፣ «እልፍ» ያለው ለሬቫቫ ስለሆነ ትርጉሙ ትክክል ነው። ሳኦልን ያስቆጣውም ይኸው የዐሥር እጥፍ ልዩነት መሆኑን ታሪኩ ራሱ ይናገራል፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ቢሆኑማ ንጉሡ በዳዊት የሚቀናበት ምክንያት ባልነበረ።

ለልጅዎ የሰጡት መልስም ቢሆን ጨርሶ ስሕተት አይደለም። እልፍ ሲበዛ አእላፍ፣ እንደገና ሲበዛ አእላፋት ይሆናል፤ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 በዙፋኑ ፊት የቆሙት እልፍ አእላፋት ተብለዋል። እልፍን በእልፍ ብናባዛ መቶ ሚሊዮን፣ በግዕዝ አጻጻፍ ፼፼ ይመጣል፤ ነገር ግን ባለ ራእዩ ሒሳብ መሥራቱ ሳይሆን ከቁጥር በላይ የሆነውን ሊናገር ሲፈልግ ትልቁን የቁጥር ቃል በራሱ ላይ መደረቡ ነው። እንግዲህ ቃሉ ብቻውን ቆሞ በሌላ ቁጥር አጠገብ ሲገኝ 10,000 ብለን፣ በራሱ ላይ ሲደራረብ ደግሞ የማይቆጠር ብለን ብናነበው ከመንገድ አንወጣም። ለምሳሌ በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት መቶ ሺህ ያህል እንደነበር ይገመታል፤ ይህ በግዕዝ ፲፼፣ ዐሥር እልፍ ነው።

ልጅዎ ዕብራይስጥ የሚማር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምርለት። ኤሌፍ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ወገን፣ ጎሣ ማለትም ይሆናል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን ስለ ወገኑ ደካማነት ሲናገር የተጠቀመበት ቃል ይኸው ነው። በዚህም የተነሣ በኦሪት ዘኍልቍ ለጦርነት የደረሱት ወንዶች 603,550 ተብለው የተቆጠሩበትን ክፍል አንዳንድ ሊቃውንት ሺህ ከማለት ይልቅ ከየወገኑ የወጣ የጦር ቡድን ብለው ያነቡታል።

«እልፍ በል» የምንለው ግን ሌላ ነው። እሱ የመጣው ከግዕዙ ኀለፈ ነው፤ አማርኛ የኀን ድምፅ ስለተወ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ድምፅ ተገናኙ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ «ሠራዊቶች» ብለው ሲጽፉ አርማለሁ፤ እነሱ ደግሞ «ለምን?» ይሉኛል። ሠራዊት ነጠላ ነው ወይስ ብዙ? ከጦርና ከጭፍራስ በምን ይለያል?

መልስ፦ በግዕዝ ነጠላው ሠርዌ ሲሆን ሠራዊት ብዙ ቁጥሩ ነው። ሠርዌ በዐራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ የየጦር ክፍሉ ስም መነሻ ሆኖ ተቀርጿል። አማርኛ ነጠላውን ትቶ ብዙውን እንደ ነጠላ ስለያዘው «ሠራዊቱ ተነሣ» ማለት ዛሬ ትክክል ነው። «ሠራዊቶች» ግን እንደ «ካህናቶች» በብዙ ላይ ብዙ መደረብ ስለሆነ፣ እኔም ብሆን በቀይ አሰምርበታለሁ፤ የሁለት አገር ጦር ማለት ከተፈለገ «የሁለቱ አገሮች ሠራዊት» ይበቃል።

ጦር አስቀድሞ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ነው፤ ከዚያ መሣሪያውን የያዘው ሰው ሁሉ፣ ከዚያም ውጊያው ራሱ በስሙ ተጠራ። ጭፍራ ደግሞ ከአንድ አለቃ በስተኋላ የሚሄደውን ተከታይ የሚያመለክት ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 «ሌጌዎን» የሚለው ስም ከ5,000 በላይ ወታደር የሚይዘው የሮማውያን የጦር ክፍል ስም ሲሆን ሳይተረጎም ቀርቷል፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 26 ግን ይኸው ቃል ስለ መላእክት ሲነገር «ጭፍሮች» ተብሏል። በቅዳሴ የምንሰማው «ጸባኦት»ም ዕብራይስጥ ሲሆን ሠራዊት ማለት ነው፤ በግዕዝ ዘመዱ ጸብእ፣ ውጊያ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋጭበት ጠብም ከዚህ የወረደ ነው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ መቶ አለቃ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ግን አርባ እንኳ አይሞሉም። ማዕረጉ ለምን እንዲህ ተባለ?

መልስ፦ ዐሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ (ሺህ አለቃ) የሚለው ተራ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ በአማቱ በዮቶር ምክር በሕዝቡ ላይ ከሾማቸው አለቆች ተራ ጋር አንድ ነው። በዘመናዊው ጦር እነዚህ የማዕረግ ስሞች ሆነው ስለቀሩ፣ የሚናገሩት የመኰንኑን ደረጃ እንጂ ከሥሩ የተሰለፈውን ሰው ብዛት አይደለም። በወንጌል የምናገኘው የሮማ መቶ አለቃም በዘመኑ የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ 80 ያህል ወታደር ነበር።