ደመና ለሚወድ ሰው ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ደሴ ተከራይ። ሥራህ ኮምቦልቻ ቢሆንም "ፀሐይ ራሴን ያመኛል፣ ደመና ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ" ካልክ፣ ሌላ መልስ የለውም።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ስትወርድ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ይጨምራል ብለህ አስላው፣ አራት ዲግሪ ያህል ይመጣል። ጠዋት ጃኬትህን እስከ አንገትህ ቆልፈህ ትወጣለህ፣ በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ትከፍተዋለህ፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ክንድህ ላይ ሸክም ይሆናል። ማታ መልሰህ ትለብሰዋለህ።

ክረምት ላይማ የደሴው ጦሳ ተራራ ደመናውን እንደ ጥምጥም አስሮ ነው የሚውለው። ለአንተ ሠርግ ነው። (እኔ የፀሐይ ሰው ነኝ፤ ነሐሴ እስኪያልቅ ቀን እቆጥራለሁ።) ጉም ሐረጎ ላይ ሲተኛ ግን ሚኒባሶቹ መብራት አብርተው ቀስ እያሉ ስለሆነ የሚሄዱት፣ ቀደም ብለህ ውጣ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ቤቱን ከመያዝህ በፊት ልብስ የት እንደሚሰጣ እይ። የተሸፈነ በረንዳ ከሌለው ይቅርብህ። እኔ በረንዳ የሌለው ቤት ይዤ፣ ሐምሌ ላይ ጂንስ አጥቤ አራት ቀን ሰቀልኩት። በአምስተኛው ቀን እርጥቡን ለብሼ ሥራ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምንም አላሉኝም፣ ዝም ብለው መስኮቱን ከፈቱት።