የለቃሚ ደመወዝ ሳይከፈል የወጣ አሥራት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የምኖረው ጅማ ከተማ ነው፤ የቡና ማሳዬ ጎማ ወረዳ ነው ያለው። ዘንድሮ ከመጀመሪያው የእሸት ቡና ሽያጭ አሥራቴን አስቀድሜ አስገባሁ። የቀረውን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ግን ዋጋ እስኪጨምር አቆየሁት፤ ለቃሚዎቹንም «ሲሸጥ እከፍላችኋለሁ» አልኳቸው። ጥቂቶቹ ሳይቀበሉ ወደ አገራቸው ሄደዋል። ባለቤቴ «ይህ አሥራት አይባልም» ትላለች። የእግዚአብሔር አይቀድምም ወይ? ለስለት የሰጠሁትንስ ከአሥራቴ ላይ ብቀንስ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የእግዚአብሔርን ድርሻ ለማስቀደም መጨነቅዎ መልካም ነው። እውነቱን የያዙት ግን ባለቤትዎ ናቸው።

«የእግዚአብሔር ይቀድማል» የሚለው ቃል ልክ ነው፤ የሚቀድመው ግን ከራስዎ ገንዘብ ላይ ነው። ለቃሚው አመሻሽ ላይ የለቀመውን አስመዝኖ ኪሎው በደብተር ሲጻፍለት፣ የድካሙ ዋጋ በዚያች ሰዓት የእርሱ ሆኗል። በእርስዎ ኪስ ቢያድርም የእርስዎ አይደለም። ኦሪትም የምንደኛው (የቅጥር ሠራተኛው) ዋጋ እስከ ነገ እንዳያድር ያዘዘችው ለዚህ ነው (ዘሌ. 19፥13)።

ይህ ስሕተት በየቡናው ወቅት የምንሰማው ነው። ምክንያቱም ስለ አሥራት ሲነሳ ሁላችንም ሚልክያስ 3፥10ን እንጠቅሳለን፤ የሰማይን መስኮት፣ የተትረፈረፈውን በረከት። እዚያው ምዕራፍ ላይ አምስት ቁጥር ወደ ኋላ መለስ ብሎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። በቁጥር 5 ላይ እግዚአብሔር የምንደኛውን ደመወዝ በሚከለክሉት ላይ ፈጣን ምስክር እንደሚሆን ይናገራል። በረከቱን የተናገረው አፍ አስቀድሞ ስለ ደመወዙ ተናግሯል። አባታችን አብርሃምንም ይመልከቱ፤ ለመልከ ጼዴቅ አሥራት ባወጣበት በዚያው ምዕራፍ፣ ለራሱ ፈትል እንኳ አልወስድም ሲል፣ አብረውት የዘመቱት ሰዎች ግን ድርሻቸውን ይውሰዱ ብሏል (ዘፍ. 14፥20-24)። የራሱን ተወ፣ የሰው ድርሻ ግን አልነካም።

«ሲሸጥ እከፍላችኋለሁ ስላቸው እሺ ብለዋል» ይሉ ይሆናል። ዋጋ መጠበቁን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ቢጨምር ትርፉ የእርስዎ ነው። ለቃሚው ከትርፉ ሳይካፈል ስለምን መጠበቁን ይካፈላል? ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይባልም። ሚዛኑንም አብረው ይመርምሩ። ለጆንያ ተብሎ ከሃያ ኪሎ ላይ ሁለት ኪሎ የሚቀንስ አለ፤ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ግን ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህ ከደመወዝ መከልከል አይለይም።

እንግዲህ ስሌቱ እንዲህ ነው። ሽያጩ 400,000 ብር ቢሆን፣ ለአረም፣ ለለቃሚ፣ ለጥበቃና ለማጓጓዣ በጠቅላላው 150,000 ቢወጣ፣ የእርስዎ ገቢ 250,000 ነው፤ አሥራቱም 25,000። የቤት አስቤዛ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የገዙት ባጃጅ አይቀነስም፤ እነዚህ ገቢውን የሚጠቀሙባቸው ናቸው እንጂ ቡናው የጠየቃቸው ወጪዎች አይደሉም። ብዙዎች የሚሳሳቱት በብድር ላይ ነው። ለአረም ተበድረው ከሆነ የአረሙ ወጪ አንዴ ተቀንሷል፤ ዋናው ብድር ሲመለስ ደግመው አይቀንሱት፤ ወለዱ ግን ወጪ ነው። ለቤት መጠጫ ያስቀሩት ቡናም ምርት ነውና ይቆጠራል። ጀንፈሉን ሲያቆዩ ኪሎውን ወዲያው ይጻፉ፤ ሳይጻፍ ሰኔ የደረሰ ጀንፈል አሥራቱ ይረሳል። ገንዘቡንም በሰው እጅ ሳይሆን በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ ያስገቡ።

ስለት ከአሥራት አይቀነስም። አሥራት ዕዳ ነው፣ ስለት ወደው የገቡት ቃል ነው፤ ባይሳሉ ኃጢአት አልነበረብዎትም (ዘዳ. 23፥22)፤ ከተሳሉ ግን ከዘጠኙ እጅ ይክፈሉ። ዝክርና የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ።

ያስገቡት አሥራት ገብቷል፤ አስመልሱ አልልዎትም። አሁን ግን ለለቃሚዎቹ የሚበቃ ጀንፈል ዛሬ ባለው ዋጋ ይሽጡ፤ ቢረክስም ይሽጡ። ስልካቸው ካለዎት በቴሌብር ይላኩላቸው፤ ከሌለዎት አብረዋቸው የመጡትን ወይም ያመጣቸውን ሰው ይጠይቁ። ሕጉ የሰውን ገንዘብ የያዘ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ፣ ሙሉውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ያዝዛል፤ ተቀባይ ዘመድ ከጠፋ ደግሞ ለእግዚአብሔር ይሰጣል (ዘኍ. 5፥7-8)። ይህ የመጨረሻው ግን ፈልገው ላጡ ነው፤ ሳይፈልጉ «ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁላቸው» ማለት አይሆንም። የስማቸውን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ኪሎ ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ ማን እንደተከፈለ፣ ማን እንደቀረ አብረው ይዩት።